ለወንድሜ ሳይክል ጓጉንቸር ስመርጥ

ታላቅ ወንድሜ ሳይክሉን ቆልፎ አያውቅም። መቆለፊያም አልነበረውም። ቤታችን ፊት ለፊት ካለው የማንጎ ዛፍ ጋር ያስደግፈውና ገብቶ ይተኛል። ሲነሳ ሳይክሉ አንዳንዴ ይኖራል፣ አንዳንዴ አይኖርም። ከሌለ ዛፉ ሥር ያለውን ዕቃ ያያል። የተገለበጠ ሳፋ ካለ፣ የወሰደችው ዓሣ ሻጯ ጎረቤታችን ናት። የኳስ ጫማ ካለ፣ ከሰፈሩ ልጆች አንዱ ነው። ምርኩዝ ካለ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው።

ይህ ልማድ የተጀመረው በወንድሜ እንቅልፍ ምክንያት ነው። ሥራው ቤት ለቤት እየዞረ የመብራት መስመር መዘርጋት ነበር። ጋምቤላ ላይ በእኩለ ቀን ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መሥራት አይቻልም። ስለዚህ ጠዋት ይሠራል፣ ፀሐይዋ ስትከር ይመጣል፣ አየሩ እስኪቀዘቅዝ ይተኛል። ሳይክሉ በዚያ ሰዓት ሥራ ፈት ነው። ሰው እየመጣ ይቀሰቅሰው ጀመር። አንዱ ሆስፒታል፣ አንዱ ገበያ፣ አንዱ ወንዝ ዳር መድረሻ ነበር የሚፈልገው። በመጨረሻ ተናደደና ሳይክሉን ውሰዱ፣ እንቅልፌን ግን ተዉልኝ አላቸው። ማን እንደወሰደው እንዲያውቅ በቦታው አንድ ነገር እንዲያስቀምጡ ብቻ ነገራቸው። ከዚያ በኋላ በሰፈራችን እንደ ደንብ ሆነ። ማንም ሌላ ነገር አልጠየቀም።

የሽማግሌው ነገር ሁሉንም ሰው ያስቅ ነበር። በእግራቸው ሲሄዱ ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ ያለ ምርኩዝ ግቢያቸውን አይወጡም። ሳይክል ላይ ሲወጡ ግን ምንም የለባቸውም። ረጅም ሰው ናቸው፤ እግራቸው መሬት እየነካ ይነሱና እንደ ወጣት ይነዳሉ።

ወንድሜ፣ "አባባ፣ የጉልበት በሽታዎን ከምርኩዙ ጋር ነው እንዴ ትተውት የሚሄዱት?" ይላቸው ነበር።

"አንተ ምርኩዜን ጠብቅ። ጉልበቴን ለእኔ ተወው" ይሉታል።

ሳይክሉ ድምፅ ነበረው። ከኋላው ጎማ በላይ ያለው፣ ጭቃ የሚከላከለው ፓራፋንጎ አንድ ብሎን ወልቆበት ስለነበር፣ መንገዱ ጎርበጥ ባለ ቁጥር ይንቀጫቀጫል። ወንድሜ ብረት የሚያጠብቅ፣ ሽቦ የሚያስር ሰው ነው፤ ያን አንድ ብሎን መግጠም አያቅተውም ነበር። እሰረው ሲሉት እምቢ አለ። እናታችን ማሰሮውን የምትጥደው ይህን ድምፅ ሰምታ ነው፣ ካሰርኩት ቀዝቃዛ ምግብ ልበላ ነው አለ። እውነቱን ነው። ድምፁ ከመንገዱ መታጠፊያ ጀምሮ ይሰማ ነበር። እናቴ ጆሮዋን ቀና ታደርጋለች፣ ዓሣውን ታሞቃለች፣ እሱ ሲገባ ደርሷል።

ትንሽ ሳለሁ ከኋላ አስቀምጦ ትምህርት ቤት ያደርሰኝ ነበር። ሸሚዙን ከጀርባው ጨምድጄ እይዛለሁ። ሸሚዙ የተቃጠለ ሽቦ ይሸታል። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ፔዳሉን መምታት ይተዋል። ሳይክሉ ራሱን ችሎ ይሄዳል፣ የባሮ ወንዝ ከሥራችን ይሄዳል፣ እሱ ምንም አያወራም። ለምን እንደሚተወው ጠይቄው አላውቅም።

ባለፈው ዓመት ሙቀቱ በበረታበት ወቅት ታመመ። ወባ መሰለን። ወባ ደግሞ እኛ ቤት እንግዳ አይደለም፤ መድኃኒቱን ውጦ፣ ላብ አልቦት፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ይነሳል ብለን ነበር። አልተነሳም። ወደ ሆስፒታል የወሰድነው በባጃጅ ነው። ሳይክሉ ማንጎው ሥር ቀረ።

ስለዚያ ሳምንት ብዙ መጻፍ አልችልም። ሞከርኩ። አንድ ነገር ብቻ ልጻፍ። በለቅሶው ሰሞን ግቢያችን ሰው ሞልቶ ነበር፤ ጎግ ወረዳ የሚኖረው አባታችንም መጥቶ ነበር። ሰው ውሃ ለመቅዳት፣ ወንበር ለማምጣት፣ ዘመድ ለመጥራት ይላላካል። ሁሉም በእግሩ ነበር የሚሄደው። ሳይክሉን የነካ አልነበረም። ማንጎው ሥር ሳይክሉ ቆሟል፣ አጠገቡ ምንም ዕቃ የለም። አቧራና የደረቀ ቅጠል ኮርቻው ላይ ተጠራቀመ።

አንድ ጠዋት እናቴ ኮርቻውን በቀሚሷ ጫፍ ስትጠርግ አየኋት። "ውሰደው። ቆሞ ጎማው ይበላሻል" አለችኝ።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ከድልድዩ ማዶ አንድ ፎቶኮፒ ቤት ሥራ አግኝቼ ነበር። ለእግር ሩቅ ነው፣ በተለይ ስመለስ። በሳይክሉ መሄድ ጀመርኩ። ወንድሜ ከእኔ ይረዝም ስለነበር ኮርቻው ከፍ ብሎብኛል፤ ስቆም የእግሬ ጣት ብቻ ነው መሬት የሚነካው። ኮርቻውን ዝቅ ማድረግ ቀላል ነው፤ አንድ ብሎን ነው። አላደረግኩትም። እሱ የተወው ቦታ ላይ ነው። በእግር ጣቴ እየተንጠለጠልኩ ነዳሁ።

ቀስ በቀስ የሰፈሩ ሰውም ተመለሰ። መጀመሪያ ዓሣ ሻጯ እናቴን አስፈቅዳ ወሰደችው። እሷ መንዳት አትችልም፤ የዓሣውን ጆንያ ጭና እየገፋችው ነው የምትሄደው። ከሥራ ስመለስ ወይም እሑድ ከአምልኮ በኋላ ማንጎው ሥር ሳፋ ማየት ጀመርኩ። ያን ሳፋ ሳይ ደስ ይለኝ ነበር፤ ሆዴም ይባባል። ሁለቱም ነው።

ፎቶኮፒ ቤት ግን ማንጎ የለም። ሳይክሉን ደጃፉ ላይ ካለው የመብራት ምሰሶ ጋር ነበር የማስደግፈው። የመንገዱ ሰው አያውቀውም። ለእነሱ አሮጌ ሳይክል ነው፣ የማንም ሊሆን ይችላል። በመስኮቱ በኩል ቶሎ ቶሎ አየዋለሁ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ቀና ስል የለም።

ክው አልኩ። ማሽኑ ወረቀት እየተፋ ትቼው ወጣሁ። እስከ ድልድዩ ሮጥኩ። የባጃጅ ሾፌሮችን ጠየቅኩ። የሚያልፈውን ሳይክል ሁሉ ኋላውን እያየሁ ቆምኩ። የገረመኝ ነገር፣ በዚያን ጊዜ ስለ ሳይክሉ ዋጋ ወይም በእግር ስለመሄድ አላሰብኩም። የወሰደው ሰው ኮርቻውን ዝቅ ያደርገዋል ብዬ ነው ያሰብኩት። አሁን የሆነ ቦታ ላይ ብሎኑን እየፈታ ነው ብዬ። ከወንድሜ የቀረ ሌላ ነገርማ ነበረን፤ ሸሚዝ፣ ፒንሳ፣ ፎቶ። የእሱን ቁመት የያዘው ግን ያ ኮርቻ ብቻ ነው።

ባዶ እጄን ተመለስኩ። የፎቶኮፒ ቤቱ ባለቤት ከመቲ ከተማ የመጣች ሴት ናት፤ ኮስተር ትላለች እንጂ ደግ ናት። ወንበር ሰጠችኝ፣ ውሃ ሰጠችኝ፣ ፖሊስ ጋ አብረን እንሄዳለን አለች። ሱቁን ልትዘጋ ስትነሳ ከውጭ ድምፅ ሰማሁ። ፓራፋንጎው ነው። ሽማግሌው በሳይክሉ መጥተው ምሰሶው ጋ ወረዱና መሬቱን ግራና ቀኝ ያያሉ።

"ምርኩዜስ?" አሉ።

ባለቤቷ ወደ ውስጥ ዞረች። ምርኩዙ ከማሽኑ ጀርባ ጥግ ላይ ቆሟል። "አባቴ፣ የእርስዎ ነው እንዴ? ደንበኛ የረሳው መስሎኝ ነው ያስገባሁት" አለቻቸው።

"አልረሳሁትም። በሳይክሉ ቦታ ነው ያቆምኩት።"

"በሳይክል ቦታ ምርኩዝ?"

"ታዲያ ምን ላቁም?"

ለካ ሽማግሌው በዚያ በኩል ለጉዳይ በእግራቸው ሲያልፉ የወንድሜን ሳይክል አይተዋል። ሰፈር ውስጥ እንደሚያደርጉት ምርኩዛቸውን አስደግፈው ወሰዱት። እሷ ደግሞ ምርኩዝ ወድቆ እንዳይጠፋ ብላ አስገባችው። ነገሩን ሳስረዳት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሽማግሌውም ሳቁ። ከዚያ እንባዋን እየጠረገች፣ "ስማ፣ ዛሬውኑ ጓጉንቸር ግዛ። ከድልድዩ ወዲህ ምርኩዝ አይቶ ነገሩ የሚገባው ሰው የለም" አለችኝ።

እኔ መሳቅ አቃተኝ። ኮርቻውን በእጄ ዳሰስኩት። አልተነካም።

ጓጉንቸር መግዛት ቀላል ይመስለኝ ነበር። ስልኬ ላይ ሰዎች መቆለፊያ ሲሰብሩ የሚያሳይ ቪዲዮ ማየት ጀመርኩ፤ ያ ይብስ አስፈራኝ። የማይሰበር ነገር የለም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ገበያ ሄጄ ነጋዴው ያለውን ሁሉ አወረደልኝ።

መጀመሪያ ያሳየኝ በፕላስቲክ የተሸፈነ ሽቦ ነው፤ ቁልፍ የለውም፣ በቁጥር ነው የሚከፈተው። ሲጨመቅ ውስጡ ቀጭን ነው፤ በወንድሜ ፒንሳ ይቆረጣል። ነጋዴው ግን ወደደው። ቁልፍ አይጠፋብህም፣ የማትረሳውን ቁጥር ብቻ ምረጥ፣ የማትረሳው ቀን ይኖርሃል ሲል መከረኝ። አለኝ። አንድ ቀን አለኝ። ያን ቀን ጠዋትና ማታ በጣቴ ማዞር አልፈለግኩም። መልሼ ሰጠሁት።

ሁለተኛው የኋላውን ጎማ ብቻ የሚይዝ የቀለበት ዓይነት ነው። ከሳይክሉ ብረት ጋር በብሎን ይታሰራል። ጎማው አይዞርም፣ ግን ሰው አንስቶ ባጃጅ ላይ ቢጭነው ማን ይከለክለዋል? ሦስተኛው ወፍራም የታጠፈ ብረት ነው፤ በጣም ጠንካራ፣ ግን አጭር። የመብራት ምሰሶ አያቅፍም፣ ማንጎማ ጨርሶ አይሞከርም።

የቀረው ሰንሰለት ነው። ወፍራም ሰንሰለት፣ ቀለሙን እንዳይፍቅ በጨርቅ የተሸፈነ። ጓጉንቸሩን ለብቻው መምረጥ ነበረብኝ። ብረቱ በክረምት እንደሚዝግ አውቃለሁ፤ የግቢያችን በር ጓጉንቸር በየዓመቱ በዘይት ነው የሚከፈተው። ነሐስ የሚመስለውን ያዝኩ። ከሳጥኑ ውስጥ ሌላ ተመሳሳይ አነሳሁና የአንዱን ቁልፍ በሌላው ሞከርኩት። ተከፈተ።

ነጋዴው ሁለቱንም ከእጄ ተቀበለ። "ወንድሜ፣ ሳይክል ነው ባንክ ነው የምትቆልፈው?" አለኝ።

"ሳይክል ነው።"

"አዲስ ነው?"

"አሮጌ ነው።"

ከዚያ በኋላ አልቀለደም። ፊቴ ላይ ምን እንዳየ አላውቅም። ከላይኛው መደርደሪያ ከበድ ያለ፣ አንገቱ አጭርና ወፍራም የሆነ፣ የቁልፉ ቀዳዳ ላይ ክዳን ያለው ጓጉንቸር አወረደልኝ። ቁልፉን በሌሎቹ ሁሉ ሞከርኩት፤ አልከፈተም። እሱን ወሰድኩ።

ሰኞ ዕለት ሰንሰለቱን በኋላ ጎማው፣ በሳይክሉ ብረትና በምሰሶው አዙሬ ቆለፍኩ። መሬት ላይ አስቀምጠው በመዶሻ እንዳይመቱት ከፍ አድርጌ፣ ዝናብ እንዳይገባበት ቀዳዳውን ወደ ታች አዙሬ። ከሰዓት በኋላ ጓጉንቸሩ እጅ ያቃጥላል፤ በጨርቅ ይዤ ነው የምከፍተው። ስሄድ ሰንሰለቱን ከኮርቻው ሥር እጠመጥመዋለሁ። በመስኮቱ ማየት ተውኩ። ሥራዬን በደንብ ሠራሁ።

እዚያ ላይ ብቆም ጥሩ ነበር። ግን ያ የረፋድ ድንጋጤ አልለቀቀኝም። ቤትም ስደርስ ሰንሰለቱን ማንጎው ላይ አዞርኩት።

እናቴ ከጓዳ ወጥታ አየች። "ዛፉ እንዳይሰረቅ ነው?" አለች። ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። እሷም አልደገመችውም።

የሰፈሩ ልጆች ግን አልማሩኝም። "ሳይክሉ ምን አጥፍቶ ነው የታሰረው?" አለ አንዱ። "ዋስ አይጠራም?" አለ ሌላው። ሳቅኩላቸው። ቁልፉን ጠይቁኝ፣ እሰጣችኋለሁ አልኳቸው። ከልቤ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም። መጠየቅ ሌላ ነገር ነው። ድሮ እንዳይጠየቅ ተብሎ ነው የተጀመረው። ዓሣ ሻጯ ሳፋዋን ተሸክማ መጣች፣ ሰንሰለቱን አየች፣ እናቴን ሰላም ብላ ቡና እንኳ ሳትጠጣ ሄደች። ከዚያ በኋላ ጆንያውን በጭንቅላቷ ተሸክማ ስታልፍ አያታለሁ።

ማንጎው ሥር ምንም ዕቃ የሌለበት ጊዜ እንደገና መጣ። እንደ ለቅሶው ሰሞን። ሳይክሉ አለ፣ አጠገቡ ባዶ ነው።

ሌላም ነገር ነበር፤ ያኔ ግን አልገባኝም። ማታ ስገባ እናቴ ትደነግጥ ጀመር። ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጥና እኔ ስናገር ብድግ ትላለች። "መቼ መጣህ?" ትለኛለች። ምግቡ ቀዝቃዛ ነው። ደክሟት ነው፣ ሐዘኑ ነው ብዬ ተውኩት።

ዝናቡ በጀመረበት ሰሞን አንድ እሑድ ጠዋት ስወጣ ማንጎው ሥር ምርኩዝ አየሁ። የሽማግሌው ነው፤ እጀታው በእጅ ብዛት ለስልሷል፣ አውቀዋለሁ። በዛፉ ግንድ ላይ ቆሞ በዝናብ ርሷል። ሳይክሉም አጠገቡ እንደተቆለፈ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አይቼ አላውቅም ነበር። አንዱ ሲኖር ሌላው የለም፤ ሕጉ እንደዚያ ነው።

እናቴን ጠየቅኳት። ገና ሲነጋ ደጃፉ ላይ ሰው ሲያስል ሰምታለች፣ ስትወጣ ማንም አልነበረም።

ምርኩዙን ከሳይክሉ ኋላ አስሬ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ያለ ምርኩዝ ያን ሁሉ መንገድ አጥር እየተደገፉ ነው የተመለሱት።

"አባባ፣ ረስተውት ነው" አልኩና ሰጠኋቸው።

ተቀብለው ጭናቸው ላይ አጋደሙት።  "አልረሳሁትም" አሉ። "ካቆምኩት በኋላ ነው ሰንሰለቱን ያየሁት። መልሼ ላንሳው ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ማንሳቱ ከበደኝ።"

"ለምን?"

"ካነሳሁት ወንድምህ የለም ማለት ነው። እንዲህ መሰለኝ። የሽማግሌ ነገር ነው፣ ተወው።"

  ወዴት ሊሄዱ እንደነበር ስጠይቃቸው፣ ከመንገዱ ማዶ ራቅ ብሎ ያለ አንድ የታመመ የቤተ ክርስቲያን ወንድም ሊጠይቁና ሊጸልዩለት እንደነበር ነገሩኝ። በእሳቸው ቦታ ሌላ ሰው ሊልኩ አስበው ነበር።

ከሳይክሉ ወረድኩ። ከኮርቻው ሥር የተጠመጠመውን ሰንሰለት ፈትቼ ትከሻዬ ላይ አንጠለጠልኩት። "ይውሰዱት" አልኳቸው። "ምርኩዙን እኔ አቆምልዎታለሁ።"

አዩኝ። ምርኩዙን ሰጡኝ። ተነሡና መሪውን ይዘው ወጡ፤ ጉልበታቸው ምንም አልነበረበትም።

በምርኩዛቸው እየተደገፍኩ በእግሬ ተመለስኩ። ሰንሰለቱ ትከሻዬ ላይ ከባድ ነበር። ምርኩዙን ማንጎው ሥር፣ ሳይክሉ ይቆምበት በነበረው ቦታ አቆምኩት። ከዚያ ተቀመጥኩ። ደስ ብሎኝ አይደለም። ፈርቼ ነበር። ዝናብ መጣ፣ አባራ። ቢወድቁስ? የሚያልፉበትን ሰፈር ሰው ባያውቃቸውስ? ወደ መንገዱ እያየሁ ሰዓቱ አልሄድ አለኝ። ወንድሜ ይህን ሁሉ ጊዜ እንዴት ተኝቶ እንዳሳለፈው አልገባኝም። ሳይክሉ በሰው እጅ እያለ ያንኮራፋ ነበር።

ሊመሽ ሲል እናቴ ዓሣ እያጠበች ነበር። በድንገት እጇ ቆመ። ጭንቅላቷን ቀና አደረገች። ያኔ እኔም ሰማሁት፤ ከመታጠፊያው ጀምሮ ፓራፋንጎው ይንቀጫቀጫል። ሰንሰለቱ ከኮርቻው ሥር ስለሌለ ምንም አልያዘውም። ከጓጉንቸሩ ቀን ጀምሮ ሰንሰለቱ ፓራፋንጎው ላይ ተጭኖ ድምፁን እንደያዘው፣ እኔም በየቀኑ ሳልሰማ እንደመጣሁ፣ ያን ጊዜ ገባኝ።

እናቴ እጇን ጠረገች። ማሰሮውን አንስታ እሳት ላይ ጣደችው። የሚመጡት ሽማግሌው እንደሆኑ ታውቃለች፤ ምርኩዛቸው ፊቷ ነው ያለው። ግን ጣደችው። ድምፁ ደጃፋችን ደርሶ እስኪቆም ድረስ እሳቱን ታራግብ ነበር።

ሽማግሌው ከእኛ ጋር በሉ። ትኩስ ነበር። እኔ ወጣ ብዬ ኮርቻውን አየሁ፤ ባለበት ነው። እሳቸው ረጅም ናቸው፣ አይነኩትም።

ጓጉንቸሩ ዛሬም አለኝ። ጥሩ ጓጉንቸር ነው፣ አልዛገም። ከድልድዩ ማዶ ምሰሶው ላይ በየቀኑ እቆልፈዋለሁ፤ እዚያ ያስፈልጋል። ቤት ግን አልቆልፍም። ማንጎው ሥር ሳፋው ተመልሷል፣ የኳስ ጫማውም። አንዳንድ ማታ ሳይክሉ ሲዘገይ አሁንም እፈራለሁ።

ማታ ስመለስ ድልድዩ ላይ ፔዳሉን መምታት እተዋለሁ። ሳይክሉ ራሱን ችሎ ይሄዳል። ድልድዩን ስጨርስ እወርድና ሰንሰለቱን ከኮርቻው ሥር ፈትቼ ቦርሳዬ ውስጥ እከተዋለሁ። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ጎርባጣ ነው፤ ፓራፋንጎው እስከ ቤት ድረስ ይጮኻል። መታጠፊያው ላይ ስደርስ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው፣ እናቴ እሳቱን ለማቀጣጠል ጊዜ እንዲኖራት።